ግዙፉ ፍጥረት እንዴት እንደሚለወጥ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

በዛሬው ንግግራችን የምናነሣው ነገር ለስብከት የተመረጠ አይመስልም። ስለ ውኃና ስለ ጨው፥ ስለ ሰምና ስለ ከሰል እንነጋገራለንና። ወደዚህ ነገር ያመጣን ግን የአንዲት እናት ጥያቄ ነው።

እኒህ እናት የንስሐ ልጃችን ናቸው። ልጃቸው ሥራ ፍለጋ በሱዳን በኩል ወደ ሊቢያ ተሻግሮ፥ ከዚያም በጀልባ ወደ አውሮፓ ሲጓዝ ከነባልንጀሮቹ በባሕር ውስጥ ቀረ። አስከሬን አልመጣም፤ መቃብርም የለም። አስከሬን ሳይኖር ፍትሐት ለምን ይሆናል የሚሉ ጎረቤቶችም አልጠፉም ነበር። ሆኖም ፍትሐቱ ተደረሰ፤ የአርባው ተዝካርም ወጣ። ሰው ሁሉ ከተበተነ በኋላ እናቲቱ ወደ እኛ ቀረብ ብለው፥ «አባቴ፥ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። በመቃብር ያለ ሰው አጥንቱ አለ። የእኔን ልጅ ግን ዓሣ በልቶት ይሆናል፤ ያንን ዓሣ ሌላ ዓሣ፥ ያንንም ሰው በልቶት ይሆናል። ታዲያ በትንሣኤ ቀን ምኑ ይነሣል?» አሉን። እኛም መሽቶብን ነበርና፥ «እናቴ፥ ይህን እግዚአብሔር ያውቃል» ብለን መለስን። እርሳቸው ግን ቀና ብለው አይተውን፥ «እርሱ እንዲያውቅማ እኔም አውቃለሁ፤ የጠየቅሁት እርስዎ የሚያውቁትን ነው» አሉን።

መልሳችን እውነት ነበረ፤ ነገር ግን የተናገርነው ወደ ቤታችን ለመሄድ ነበረ። ስለዚህ ያን ሌሊት ስናወጣ ስናወርድ አደርን። በትምህርት ቤት የተማርነውንም፥ ኋላም ከዘመናዊ መጻሕፍት ያነበብነውንም እንደ ገና መረመርን። ዛሬ የምንነግራችሁ ያን ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ግዙፍ የምንለው ምን እንደ ሆነ እንወቅ። ቦታ የሚይዝና ክብደት ያለው ነገር ሁሉ ግዙፍ ነው። የዛሬ ተማሪዎች ቁስ አካል ይሉታል። ድንጋይ ቦታ እንዲይዝና እንዲከብድ ሕፃን እንኳ ያውቃል። አየርስ? ባዶ ብርጭቆ ገልብጣችሁ በባልዲ ውኃ ውስጥ ቀጥ አድርጋችሁ ብታጠልቁት ውኃው ብርጭቆውን አይሞላውም፤ በውስጡ ያለው አየር ቦታዬን አልለቅም ይላልና። ክብደትም አለው። በባሕር ወለል አጠገብ፥ ርዝመቱም ወርዱም ቁመቱም አንድ አንድ ሜትር የሆነ ሣጥን የሚይዘው አየር ከአንድ ኪሎ በላይ ይመዝናል። በቤተ መቅደስም ካህኑ ዕጣኑን በጽናው ፍሕም ላይ ሲጨምር ሽታው ከደጅ ለቆሙት ይደርሳል፤ ይህ የሚሆነው ከዕጣኑ የተለዩ ጥቃቅን ቅንጣቶች በአየር ተጕዘው በእውነት ወደ አፍንጫቸው ስለሚገቡ ነው። እንግዲህ ያላየነውን ሁሉ የለም እንዳንል፥ ስውር የሆነውንም ሁሉ ረቂቅ እንዳንል እንጠንቀቅ። ረቂቃን ነፍስና መላእክት ናቸው፤ ጢስና እንፋሎት ግን ከድንጋይ ጋር አንድ ወገን ናቸው።

አባቶቻችን በአክሲማሮስ ትምህርት ግዙፉን ዓለም በአራት ባሕርያት ከፍለው ያስተምራሉ፤ እነርሱም መሬት፥ ውኃ፥ ነፋስና እሳት ናቸው። መሬት ደረቅና ቀዝቃዛ፥ ውኃ ቀዝቃዛና ርጥብ፥ ነፋስ ርጥብና ሙቅ፥ እሳት ሙቅና ደረቅ ነው። ውኃና እሳት ጠበኞች ናቸው፤ መሬትና ነፋስም እንዲሁ። ነገር ግን መሬት ከውኃ ጋር በቅዝቃዜ፥ ውኃ ከነፋስ ጋር በርጥበት፥ ነፋስ ከእሳት ጋር በሙቀት፥ እሳትም ከመሬት ጋር በድርቀት ስለሚስማሙ ጠበኞቹ በመካከላቸው ባለው ጎረቤት ይታረቃሉ። የሰው ሥጋም የእነዚህ የአራቱ ዕርቅ ነው፤ ሲሞት ዕርቁ ይፈርሳል።

የዛሬ ሊቃውንት ደግሞ 118 ንጥረ ነገሮች ቈጥረዋል። ወጣቶች ይህን ሰምተው በአራቱ ይሥቃሉ፤ ከሽማግሌዎቻችንም አንዳንዶቹ አራቱን ለማስከበር ሲሉ 118ቱን ይነቅፋሉ። ሁለቱም ወገኖች በከንቱ የሚጣሉ ይመስለናል። ጠጣሩን ሁሉ መሬት፥ ፈሳሹን ሁሉ ውኃ፥ እንደ አየር የሚበተነውን ሁሉ ነፋስ፥ አንዱን ወደ ሌላው የሚለውጠውን ግለት እሳት ብለን ብንረዳው፥ የአባቶች አከፋፈል ዐይን ከፍቶ ዓለምን የተመለከተ ሰው አከፋፈል እንደ ሆነ እናያለን። እንዲህ ስንል ግን አራቱ ባሕርያት የዛሬው ኬሚስትሪ ናቸው ማለታችን አይደለም፤ አይደሉምና። ውኃ ራሱ ሃይድሮጅንና ኦክሲጅን ከሚባሉ ከሁለት ንጥረ ነገሮች የተሠራ መሆኑ ከታወቀ ከሁለት መቶ ዓመታት በላይ አልፎአል።

ለእናቲቱ ጥያቄ ይበልጥ የሚጠቅመን ሌላው የመምህራን ትምህርት ነው። ስለ ምስጢረ ሥጋዌ ሲያስተምሩ፥ ቃል ሥጋ የሆነው ያለ ውላጤ፥ ያለ ሚጠት፥ ያለ ቱስሕት እንደ ሆነ ይነግሩናል። ይህንንም ለማስረዳት የእያንዳንዱን ቃል ምሳሌ ከግዙፉ ፍጥረት ያመጣሉ። ውላጤ፥ አንድ ነገር የቀድሞ ባሕርዩን ለቆ ሌላ ሲሆን ነው፤ የሎጥ ሚስት የጨው ሐውልት እንደ ሆነች፥ የቃናም ውኃ ወይን ጠጅ እንደ ሆነ። ሚጠት፥ የተለወጠው ወደ ቀድሞው ሲመለስ ነው፤ የሙሴ በትር እባብ ሆና እንደ ገና በትር እንደ ሆነች። ቱስሕት፥ ውኃና ወተት እንደሚቀላቀሉ ያለ መቀላቀል ነው። የመለኮትና የትስብእት ተዋሕዶ ከእነዚህ ከአንዱም ጋር አይመሳሰልም፤ ስለዚህም ነው ያለ ያለ እያልን የምናስተምረው። እኛም በጉባኤ ቤት ሳለን እነዚህ ቃላት ለሃይማኖት ክርክር ብቻ የተፈጠሩ ይመስሉን ነበር። ኋላ ግን ሦስቱንም በእናቶቻችን ማድ ቤት አገኘናቸው።

ስለ ሚጠት ውኃን ተመልከቱ። ውኃ በ0 ዲግሪ ይረጋል፤ በባሕር ወለል አጠገብ በ100 ዲግሪ ይፈላል። ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ባለችው በአዲስ አበባ ግን 92 ዲግሪ ያህል ሲደርስ ይፈላል፤ በላዩ የሚጫነው አየር ያነሰ ነውና። በደጋ አገር ባቄላና ሽምብራ ቶሎ የማይበስለው ስለዚህ ነው። ማገዶ ቢጨመርበትም የሚፈላው ውኃ ከዚያ በላይ አይግልም፤ ፈጥኖ ያልቃል እንጂ። (ምሳ ዘገየ ብለው የሚቈጡ ባሎች ይህን ልብ ቢሉ መልካም ነው።) ያለቀ የመሰለው ውኃ ወዴት ሄደ? እንፋሎት ሆነ። አንድ ሊትር ውኃ እንፋሎት ሲሆን ከ1,600 ሊትር በላይ ቦታ ይይዛል፤ ክብደቱ ግን ያው አንድ ኪሎ ነው። ቀዝቃዛ ክዳን ብትደፉበት ነጠብጣብ ሆኖ ይመለሳል። በበረዶም ጊዜ ይሰፋል እንጂ አይከብድም፤ ስለሚሰፋም በረዶ በውኃ ላይ ይንሳፈፋል፥ በውኃ የተሞላ ጠርሙስም ሲቀዘቅዝ ይሰነጠቃል። ውኃው ሦስት ጊዜ መልኩን ለወጠ፤ ውኃነቱን ግን አልተወም።

ስለ ቱስሕት ደግሞ ጨውን ተመልከቱ። ጨው በውኃ ሲሟሟ ከዐይን ይሰወራል፤ ወንፊትም አይዘውም። የቀመሰው ሰው ግን መኖሩን ያውቃል። በአንድ ኪሎ የባሕር ውኃ ውስጥ 35 ግራም ያህል ጨው አለ። ውኃው በፀሐይ ሲተን ጨው በስፍራው ይቀራል። ለዚህ ከአፋር ምድር የሚበልጥ ምስክር በአገራችን የለም። የዳናክል ረባዳ ምድር ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ስፍራ ሲሆን፥ በጥንት ዘመን ቀይ ባሕር እየገባበት፥ መግቢያው ሲዘጋም ውኃው እየተነነ፥ ታላቅ የጨው ሜዳ ሆኖ ቀረ። ነጋድያን እየፈለጡ በግመልና በአህያ ወደ ደጋ ያወጡት፥ አያቶቻችንም እንደ ገንዘብ ይገበያዩበት የነበረው አሞሌ ይህ ነው። አሞሌ ማለት እንግዲህ ባሕር ውጦት የነበረና በኋላ የመለሰው ነገር ነው። ባሕሩ በዚያ ሳለ በዳርቻው የቆመ ሰው ቢኖር ውኃ እንጂ ጨው አያይም ነበር።

ከሁሉ የሚከብደው ውላጤ ነው፤ በዚህ የተለወጠ ነገር የጠፋ ይመስላልና። በፊታችን የሚበራውን ጧፍ እንውሰድ። የንብ ሰም ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ባለ ሙቀት ይቀልጣል፤ ብታጠፉት ተመልሶ ይረጋል፤ ይህ ሚጠት ነው። ነገር ግን በክሩ ወደ ላይ ተስቦ የነደደው ሰም አይመለስም። ጧፉ ሲያልቅ ጥቂት የክር አመድ ብቻ ይቀራል። ያ ሁሉ ሰም ወዴት ሄደ? ቀዝቃዛ ብርጭቆ ከነበልባሉ በላይ ለቅጽበት ብትይዙ በላዩ ላብ ያወጣል። ያ ላብ ውኃ ነው፤ ከሚነድ ሰም የተወለደ ውኃ! የቀረው ደግሞ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚባለው፥ እኛም ስንተነፍስ የምናወጣው አየር ሆኖአል።

ይህን ነገር በሚዛን መርምሮ ያስረዳው አንትዋን ላቯዚዬ የሚባል ፈረንሳዊ ሊቅ ነው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1772 ከባልንጀሮቹ ጋር ሆኖ፥ የፀሐይን ብርሃን በትልቅ መስተዋት ሰብስቦ በአልማዝ ላይ አደረገ። አልማዙም ነድዶ አለቀ። የከበረው ዕንቍ ጠፋ እንዳይባል ግን፥ ከሰል ሲነድ የሚወጣው ያው አየር ተገኘ። ኋላ እንደ ተረጋገጠውም አልማዝና ከሰል የአንድ የካርቦን ልጆች ናቸው። ላቯዚዬ በ1789 ባሳተመው መጽሐፍ፥ በማንኛውም የመለወጥ ሥራ ከመጀመሩ በፊትና ከተፈጸመ በኋላ የነገሩ መጠን እኩል መሆኑን ጻፈ። በ1794 በአገሩ አብዮት ጊዜ አንገቱ ተቀላ፤ የጻፈው ግን ዛሬም የተማሪዎች ትምህርት ነው። በቍጥር ብናየው፥ 12 ኪሎ ንጹሕ ካርቦን ሲቃጠል ከአየር 32 ኪሎ ኦክሲጅን ይወስዳል፤ የሚወጣውም ጋዝ 44 ኪሎ ይመዝናል። እንግዲህ እኛ ተቃጠለና አለቀ ያልነው ነገር፥ ቢመዘን ከፊተኛው ይልቅ ከብዶአል። አለቀ የምንለው የወጣውን ስላልመዘንን ነው።

በዚህ ላይ ሌላ ምርመራ ተጨምሮበታል። በ1905 አልበርት አይንስታይን ክብደትና ኃይል እርስ በርሳቸው የሚለወጡ መሆናቸውን ጻፈ። ፀሐይ በየሰከንዱ ከክብደቷ ከ4 ሚሊዮን ቶን በላይ ብርሃንና ሙቀት አድርጋ ትሰጣለች። ከክብደት የጐደለው በብርሃን ይገኛል ማለት ነው። አሁን የሚያሞቀን ፀሐይ ትናንት ክብደት ነበረ ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

አሁን ወደ ሰው ሥጋ እንመለስ። ከአዋቂ ሰው ክብደት ግማሹ ወይም ከዚያ የሚበልጠው ውኃ ነው። የቀረው በብዛት ካርቦን፥ ናይትሮጅን፥ ለአጥንትም ካልሲየምና ፎስፎረስ ነው። እነዚህ ሁሉ በሕይወት ሳለን እንኳ በእኛ ዘንድ አይቆዩም። ውኃ እንጠጣለን፥ እናልባለን፤ እንጀራ እንበላለን፥ እንተነፍሳለን። የጤፉ ካርቦን ትናንት በአየር ነበረ፤ ዛሬ በእጃችን ሥጋ አለ፤ ነገ ደግሞ በትንፋሻችን ወጥቶ ወደ ሌላ አዝመራ ይገባል። የአርባ ዓመት ሰው፥ በአርባ ቀኑ ሲጠመቅ ከነበረው የሥጋው ቅንጣት አብዛኛው ዛሬ ከእርሱ ጋር የለም። ነገር ግን እናቱ ልጄ ማለትን አልተወችም፤ ጥምቀቱም አልተሻረበትም። አንድ ሰው ያው ሰው የሚሆነው ቅንጣቶቹን እንደ ንፉግ ቈጥሮ ስለ ያዘ አይደለም።

እናቲቱ ዓሣውን ሌላ ዓሣ፥ ያንንም ሰው በልቶት ይሆናል ብለው የፈሩት ነገር እንግዲህ በባሕር ብቻ የሚደረግ አይደለም። በመቃብርም ይደረጋል፤ ሣሩ ከአፈሩ ይበላል፥ ላሟም ሣሩን ትበላለች። በማዕዳችንም ሳንሞት ይደረጋል። ባሕር ለሰው ልጅ ሥጋ ከመሬት የከፋ መቃብር አይደለም። ይህን ያህል የፍጥረት ዕውቀት ያስተምረናል፤ ለሐዘንተኛም ትንሽ ነገር አይደለም።

ከዚህ አልፎ ግን አይሄድም። አንዳንድ ሰባክያን፥ ሳይንስ ትንሣኤን አረጋገጠ ሲሉ እንሰማለን። እኛ ይህን አንልም፤ የሚሉትንም አናመሰግንም። የተበተነ እንፋሎት ተመልሶ የወጣበትን ድስት ፈልጎ አያገኝም፤ የነደደ ጧፍም በራሱ ወደ ሰምነት አይመለስም። ላቯዚዬ የመዘነው ነገር አለመጥፋቱን እንጂ ሙታን መነሣታቸውን አይደለም። የምንነሣው ፍጥረት ስለሚያስነሣን ሳይሆን፥ ክርስቶስ ስለ ተነሣና እንዲያስነሣን ቃል ስለ ገባልን ነው። ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ይህን ሲያስረዳ ስለ ተዘራች ቅንጣት መናገሩ፥ ቅንጣቲቱ ሥልጣን ስላላት አይደለም፤ እግዚአብሔር እንደ ወደደ አካልን ይሰጣታልና ነው። ወንጌላዊው ዮሐንስም በራእዩ ባሕር በውስጥዋ ያሉትን ሙታን ስትሰጥ አየ። ባሕርን ለይቶ መጥራቱን ልብ በሉ፤ መቃብር የሌላቸው እንዳይረሱ ነው ብለን እናምናለን።

የቅዱስ ባስልዮስ ወንድም ጎርጎርዮስ ዘኑሲስ በአራተኛው መቶ ዓመት ስለ ሰው አፈጣጠር በጻፈው መጽሐፍ ይህንኑ ጥያቄ አንሥቶ ነበር። ምሳሌ ያደረገውም ባዜቃን ነው። ባዜቃ ሜርኩሪ የሚሉት ፈሳሽ ማዕድን ነው፤ እንደ ብር ያበራል፥ ከውኃም ከ13 እጥፍ በላይ ይከብዳል። ይህ ነገር በአቧራ ላይ ቢፈስ በጥቃቅን ድቡልቡል ነጠብጣብ ይበተናል፤ ከአቧራው ጋር ግን አይቀላቀልም። ሰብስበው ቢያገናኙት ነጠብጣቡ ሁሉ ወደ ወገኑ ፈስሶ አንድ ይሆናል። ቅዱሱም የሰው ሥጋ ቅንጣቶች በእግዚአብሔር ፈቃድ እንዲህ ወደ ወገናቸው እንደሚሰበሰቡ ያስረዳል። ሰብሳቢ ያስፈለገው መሆኑን አትርሱ፤ ባዜቃውም እንኳ ራሱ አልተነሣም።

ከዚህ በኋላ ወደ እናቲቱ ቤት ሄድን። የጨውን ነገር፥ የጧፉንም ነገር በሚገባቸው ቃል ነገርናቸው። ዝም ብለው ሲሰሙን ቈዩና፥ «አባቴ፥ ጨው ሲመለስ ያው ጨው ነው፤ አንዱ ከአንዱ አይለይም። እኔ ግን ማንኛውንም ልጅ አይደለም የምፈልገው። የእኔው ልጅ ነው የሚመለሰው?» አሉን።

ለዚህ ከጨው መልስ አልነበረንም። ስለዚህ ስለ ቶማስ ነገርናቸው። ጌታችን ከተነሣ በኋላ በተዘጋ ደጅ ገብቶ፥ ሞት የማይነካው ሥጋ ለብሶ ሳለ፥ የችንካሩንና የጦሩን ምልክት አሳየው። በትንሣኤ ሁሉ አዲስ ሲሆን ያ ምልክት አልጠፋም፤ ቶማስም ያወቀው በእርሱ ነው አልናቸው።

እናቲቱ እጃቸውን ወደ ግንባራቸው አንሥተው ከቅንድባቸው በላይ ያለውን ስፍራ በጣታቸው ነኩ። «የእኔም ልጅ እዚህ ላይ ጠባሳ አለችው፤ በአራት ዓመቱ ምድጃ ላይ ወድቆ ያገኛት ናት» አሉን። ከዚያም የክርስትና ስሙን በቅዳሴ እንድንጠራላቸው ነግረውን፥ ቡናውን ሊያቀርቡ ተነሡ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።